ታንኩን ተዉትና ትንንሿን ፕላስቲክ ፍሩ፦ የሞተርሆም ጥያቄና መልስ

ሰላም አንባቢዎች! በዚህ ወር የመጡልኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፉት፣ የሞተርሆም (ቤት የሆነው መኪና) የውሃ ቧንቧና ብርድ። ገብቷላ! እኔ ያለሁበት ኮሎራዶ ኦክቶበር ከገባ በኋላ ቀን ላይ በቲሸርት ትውላላችሁ፣ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እና ብዙ ሰው የሚሸወደው በዛ ቀን ላይ ባለው ፀሐይ ነው። መካኒክ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ትራክ ስነዳ ኖሬ ያገለገለ ሞተርሆም ገዝቼ ቧንቧውን ሁለቴ ሰብሬ የተማርኩ ሰው ነኝ። አዎ ሁለቴ። ለመልሱ ያመቸኝ ዘንድ ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። ባለፈው ሰመር ያገለገለ ክላስ ሲ ሞተርሆም ገዝቼ ልጆቹን ይዘን የሎውስቶን ድረስ ሄደን መጣን፣ በጣም አሪፍ ነበር። አሁን እስከ ኤፕሪል ቤቴ ጎን ልትቆም ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ ውሃውን አፍስሰህ ዝጋት በቃ ነው ያለኝ። ጓደኛዬ አንቲፍሪዝ (በብርድ ቶሎ የማይረጋ ፈሳሽ) ካላስገባህ አለቀልህ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ጨው ጨምርበት አለኝ (ይሄኛው ይቀልድ ይሁን የምሩን አላውቅም)። ማንን ልስማ?» — ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ባለጨዉም ጭምር። ጨው ያለበት ውሃ ቶሎ አይረጋም፣ መንገድ ላይ የሚበተነውም ለዛ ነው። ግን የኛን ብርድ እንዲችል ከሩብ ብዙም የማያንስ ጨው ሊኖረው ነው፣ ያን ደግሞ የቦይለሩ ብረትም ፓምፑም አይችሉትም፣ ዝገት ይበላቸዋል። ስለዚህ ጨዉን ለወጥ እናስቀምጠው።

አፍስሰህ ዝጋ ያለህ ሰውዬ ግማሽ መንገድ ወስዶህ ነው የተወህ። ልጅ ሆነን ጠርሙስ ሙሉ ኮካ ፍሪዘር ውስጥ ረስተን ፈንድቶ ያልተገረፍን አለ? ያው ነው ነገሩ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 ከመቶ ያህል ይሰፋል፣ 10 ሊትር የነበረው ወደ 11 ሊትር ይጠጋል ማለት ነው፣ እና የሚሰፋበት ቦታ ካጣ የያዘውን ነገር ይሰነጥቃል። አሁን ልብ በል፣ ትልቁ የንጹህ ውሃ ታንክ ስር ትንሽ ውሃ ቢቀር ከላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለ ወደላይ ሰፍቶ ይረጋል፣ ምንም አይሆንም። ነጩ ወይ ቀይና ሰማያዊው የፕላስቲክ ቧንቧ ራሱ ፔክስ የሚሉት ከሆነ ትንሽ ይለጠጣል። የሚሰበረው ሌላ ነው። ሽንት ቤቱ ኋላ ያለችው የአውራ ጣት የምታክል የውሃ ቫልቭ፣ የፓምፑ ፕላስቲክ ጭንቅላት፣ የማጣሪያው ቤት፣ የሻወሩ መክፈቻ ሆዱ፣ የቧንቧ ክርኖችና መገጣጠሚያዎች፣ ከውጪ ጎማ የምትሰካበት ቦታ ውስጥ ያለችው ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋው ቫልቭ። እነዚህ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ውሃ ከቀረ ይበቃል። ታንኩን ስታፈስ ደግሞ በትክክል የሚቀረው እዛ ነው፣ ምክንያቱም ፓምፕ ካልገፋው ወይ አየር ካልነፋው ከዛ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

የኔን ልንገርህና ሳቅ። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ነገር አሟልቼ ሰርቻለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ዘጋሁ። ኤፕሪል ላይ ውሃ ሰክቼ ውስጥ ገብቼ ሲንኩን ስከፍት ግፊቱ ደከም አለብኝ። እንግዲህ አየር ይሆናል አልኩኝ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስረግጥ ምንጣፉ ቸፍ ቸፍ ይላል። ለካስ ከውጪ በጎን በኩል ባለች ትንሽ በር ውስጥ እግር መታጠቢያ የውጪ ሻወር አለ፣ ሰመሩን ሙሉ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም፣ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ውሃው ግን አልረሳውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ፣ እኔን ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ጠብቆ ነው የወሰደኝ። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ወረቀት ይዘህ መኪናዋን ዙራትና ውሃ የሚደርስበትን እያንዳንዱን ቦታ ጻፍ፣ አይስ የሚሰራ ፍሪጅ ወይ ልብስ ማጠቢያ ካላትም እነሱንም።

እሺ አሁን ሥራው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃሃል፣ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት አይፈጅብህም። ቅድሚያ ዳምፕ ስቴሽን (የሞተርሆም ፍሳሽ መድፊያ ቦታ) ሄደህ የሽንት ቤቱን ታንክ ከዛ የእጣቢውን ታንክ አፍስስ፣ ቅደም ተከተሉ እንደዛ የሆነው እጣቢው ውሃ ጎማውን እንዲያጥብልህ ነው። ቤት ስትመለስ የንጹህ ውሃ ታንኩን ማፍሰሻ ክፈት፣ ከመኪናዋ ስር ደግሞ ለሙቁና ለቀዝቃዛው መስመር ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሁለት ማፍሰሻዎች አሉ፣ እነሱንም ክፈት፣ ውስጥ ገብተህ ሁሉንም ቧንቧ ክፈት። አየር ሲገባ ነው ውሃው ጥሩ የሚወርደው።

ከዛ ቦይለሩ። እዚህ ጋር ቀስ። በጋዝም በኤሌክትሪክም አጥፋውና ቢቻል አንድ ሌሊት ይቀዝቅዝ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን አውጣ፣ ከዛ ነው ከውጪ በኩል ያለውን ቡሎን የምትፈታው። ሞቆ ግፊት እያለው ከፈታኸው የፈላ ውሃ ፊትህ ላይ ይመጣል፣ ቀዝቅዟል ብለህም ቢሆን ፊት ለፊት አትቁም፣ ጎን ቁም። የአንዳንዱ ቦይለር ቡሎን ሲወጣ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ ይወጣል፣ አኖድ ሮድ ይባላል፣ ዝገቱ የቦይለሩን ግድግዳ ትቶ እሱን እንዲበላ የተደረገ ነው፣ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ ቀይረው። የአሉሚኒየም ቦይለር ከሆነ ዘንጉ የለም፣ ተራ የፕላስቲክ ቡሎን ነው ያለው፣ ጠፍቶብኛል ብለህ አትደንግጥ። ባዶ ከሆነ በኋላ የኤሌክትሪክ ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፍበት፣ እውነቴን ነው፣ ልጅ ገብቶ ቢያበራው ውሃ የሌለው ቦይለር ማሞቂያው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ቀጥሎ የቦይለሩን ባይፓስ አዙር። ከቦይለሩ ኋላ አንድ፣ ሁለት ወይ ሦስት ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፣ ውሃው ቦይለሩን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርጉ። ይሄን ካላደረግክ 6 ወይ 10 ጋሎን አንቲፍሪዝ ቦይለሩ ውስጥ ጠጥቶ ያስቀርብሃል፣ ካደረግክ ግን ለጠቅላላው መኪና ሁለት ሦስት ጋሎን ይበቃል። የውሃ ማጣሪያህን አውጥተህ ጣለው፣ ባዶውን ቤት መልሰህ ግጠም። ያፈሰስክባቸውን ማፍሰሻዎች ዝጋ።

አሁን ፓምፑ ጋር ሂድ፣ ብዙ ጊዜ አልጋ ስር ወይ ሶፋ ስር ነው። ከታንኩ የሚመጣውን ቧንቧ ፈትተህ በምትኩ ትንሽ ጎማ ግጠምና ጫፉን አንቲፍሪዙ ጋሎን ውስጥ ንከር፣ ፓምፑን አብራ። ከፓምፑ ቅርብ ካለው ቧንቧ ጀምረህ ቀዝቃዛውን ክፈት፣ ሮዝ ቀለም ሲመጣ ዝጋ፣ ሙቁን ክፈት፣ ሮዝ ሲመጣ ዝጋ። ሻወሩን እንደዛው፣ ሽንት ቤቱን ረግጠህ ሮዝ እስኪሆን፣ ያችን የተረገመች የውጪ ሻወር። በመጨረሻ ፓምፑን አጥፍተህ አንድ ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን ካወጣህ በኋላ ከውጪ ጎማ የምትሰካበት ላይ ያለችውን ወንፊት አንሳና መሀሏን በስክሪው ድራይቨር ጫፍ ጫን በላት፣ እዛም ሮዝ ጠብ ሲል ታያለህ። ከዛ ለእያንዳንዱ ሲንክና ሻወር ሲፎን አንድ አንድ ኩባያ አንቲፍሪዝ አፍስስ፣ ሽንት ቤቱም ውስጥ ትንሽ፣ የታንኩ መዝጊያ ጎሚኒ እንዳይደርቅና ዙሪያው የቀረው ውሃ እንዳይረጋ።

አንቲፍሪዝ ስል ደግሞ ለሞተር የምታደርገውን አረንጓዴውን አይደለም!! ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ ብያለሁ። የሞተሩ ባብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል። ለመጠጥ ቧንቧ የሚሆነው ሮዙ ነው፣ የአርቪ (የሞተርሆም ማለት ነው) አንቲፍሪዝ ተብሎ የሚሸጠው። ከሮዞቹም ጀርባውን አንብብና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሆነውን ምረጥ፣ አልኮል ያለበት ረከስ ይላል ግን ጎሚኒ ያደርቃል ሽታውም ኤፕሪል ድረስ አይለቅም። ጋሎኑ ላይ ያለው −50 የሚለው ቁጥር ደግሞ በፋራናይት ነው፣ ቧንቧውን የማያፈነዳበት ማለት ነው እንጂ እስከዛ ድረስ አይረጋም ማለት አይደለም፣ ከዛ በፊት እንደ አይስክሬም ሊሆን ይችላል፣ አትደናገጥ። ከቀረ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን አቅሙ ስለሚወርድ ነው መጀመሪያ በደንብ አፍስስ የምለው፣ የሮዙም ቀለም ፈዘዝ ብሎ ከመጣ ደመቅ እስኪል ድረስ አፍስሰው።

ኮምፕሬሰር ካለህ በአየር መንፋትም ይቻላል፣ ግፊቱን ከ40 ፒኤስአይ እንዳታሳልፍ እንጂ። እኔ ግን አየር ብቻ አላምንም። ጠብታ የሆነ ክርን ላይ ትቀራለች፣ እና ቀደም ብዬ እንዳልኩት ጠብታዎች ተሰብስበው አንድ ስኒ መሆን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ጥያቄ፦ «እኛ ደግሞ ገናን ላስ ቬጋስ ቤተሰብ ጋር ልናከብር ከዴንቨር በሞተርሆም ልንሄድ አስበናል። በአይ 70 ነው። ውሃ ሞልተን ብንሄድ መኪናው እየሄደ ስለሆነ አይረጋም አይደል? ማሞቂያም አለ።» — ከዴንቨር

መልስ፦ አይ፣ እንዲያውም ሲሄድ ይብሳል። የምታስቡት የሹፌሩ ማሞቂያ የሚያሞቀው ፊት ያላችሁትን ነው፣ ከስር ግን በሰዓት 60 ማይል የሚነፍስ ብርድ ታንኩንና ቧንቧውን እየላሰው ነው የሚሄደው። ንፋስ ውሃውን ከውጪው አየር በታች አያቀዘቅዘውም፣ እውነት ነው፣ ግን እዛ ሙቀት ላይ በጣም ቶሎ ያደርሰዋል። የአይዘንሃወር ተነል ደግሞ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፣ 3,400 ሜትር፣ ጃንዋሪ ላይ እዛ ያለውን ብርድ ለናንተ አልነግርም።

የኔ ምክር ደረቅ ሂዱ። መኪናዋ በሮዙ እንደተዘጋች ትቆይ። የምትጠጡትንና የምታበስሉበትን ውሃ በጀሪካን ውስጥ ከናንተ ጋር ያዙ። ሽንት ቤቱን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ማፍሰሻው በፓምፕ ሳይሆን ከጋሎን በእጅ ሮዝ አንቲፍሪዝ እያፈሰሳችሁ ነው፣ በዛውም ታንኩ አይረጋም። ዩታ አልቆ ሴንት ጆርጅን ስታልፉ አየሩ ለስለስ ይላል፣ ቬጋስ ከደረሳችሁ በኋላ ትንበያውን አይታችሁ ውሃ ብትሞሉ ትችላላችሁ፣ ስትመለሱ ግን እንደገና መዝጋት አለ። ለሁለት ሌሊት ዋጋ አለው ወይ? እኔ አላደርገውም፣ የቤተሰቡ ሻወር አለላችሁ አይደል።

ጥያቄ፦ «ትራቭል ነርስ ነኝ፣ እስከ ማርች ኮንትራት ስላለኝ ስፖኬን ዋሽንግተን አርቪ ፓርክ ውስጥ ሞተርሆሜ ውስጥ ነው የምኖረው። ውስጡ በጣም ይሞቃል፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለኝ፣ ጋዝ ላለመጨረስ ብዬ ፈርነሱን (በጋዝ የሚነደውን ማሞቂያ) አላበራውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በከሰል ቡና ሳፈላ ጭራሽ ሻወር ሁሉ ያሰኛል። ግን ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ጠዋት ውሃ የለም፣ ከሰዓት ይመጣል። የፍሳሹ ጎማም ድንጋይ ሆነ። ውስጡ እየሞቀ ለምንድነው የሚረጋው? አመሰግናለሁ።» — ከስፖኬን

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቧንቧው ከማውራታችን በፊት ከሰሉን። እባክሽ ዛሬውኑ አቁሚው። አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ነጭ አመድ ሲለብስና ጭሱ ሲያልቅ ነው እንዲያውም ሰው አሁን ንጹህ ሆነ ብሎ የሚዘናጋው። አገር ቤት ሰፊ ቤት ውስጥ እንኳን ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ ስንሰማ ነው ያደግነው፣ ሞተርሆም ደግሞ ከአንድ መኝታ ክፍል አትበልጥም፣ መስኮቱም በብርዱ ተጠርቅሟል። ቡናሽን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪ፣ ዕጣኑ አይቅር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ባትሪ እንዳለውና ጊዜው እንዳላለፈበት እዪልኝ። ምግብ ማብሰያውን ምድጃም ለማሞቂያ እንዳታበሪ።

አሁን ጥያቄሽ። መልሱ ያለው ጋዝ ለመቆጠብ ያጠፋሽው ፈርነስ ላይ ነው። ብዙ ሞተርሆሞች ላይ ፈርነሱ የሚያወጣው ሙቅ አየር ወለል ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ አንድ ቱቦ ወደ ታች ታንኮቹና ቧንቧዎቹ ወዳሉበት ይሄዳል። ያንቺ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ክፍሉን ብቻ ነው የሚያሞቀው። ፈርነሱን ብታበሪውም እንኳን ቴርሞስታቱ ክፍሉ ሞቋል ብሎ አያስነሳውም፣ ከወለሉ ስር ግን ፍሪዘር ነው። ለዛ ነው አንቺ በቲሸርት እያለሽ ቧንቧሽ በረዶ የሚሆነው። ስለዚህ ከ25 ፋራናይት (ወደ −4 ሴልሽየስ) በታች በሚሆንባቸው ሌሊቶች የኤሌክትሪኩን ቀንሺና ፈርነሱ እንዲነሳ አድርጊ። ጋዙ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፣ 20 ፓውንድ የምትለዋ ሲሊንደር 4.7 ጋሎን ያህል ነው የምትይዘው፣ 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሆነ ፈርነስ ሳያቋርጥ ቢነድ 14 ሰዓት ገደማ ላይ ይጨርሳታል፣ እያረፈ ስለሚነድ ግን ከአንድ ቀን በላይ ትሄዳለች። ያንቺ ሞተርሆም ጋዝ ታንኩ ከስር ተገጥሞ የማይነሳ ከሆነ ፓርኩን ጠይቂ፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቆዩ ሰዎች ትልቅ ታንክ ከውጪ የሚያስቀምጥ የጋዝ ሻጭ ብዙ ቦታ አለ።

ማታ ማታ ከሲንኩ ስርና ሽንት ቤት ያሉትን የቁም ሳጥን በሮች ክፍት አድርገሽ ተኚ፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ይረዳል። በነገራችን ላይ ሁለቱን ማሞቂያ አንድ ላይ አንድ መስመር ላይ እንዳትሰኪ፣ አንዱ 1,500 ዋት ከሆነ ከ12 አምፒር በላይ ነው የሚስበው፣ ሁለቱን አንድ መስመር አይችላቸውም።

ከውጪ ከፓርኩ ውሃ የሚመጣበት ጎማ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። ወይ በኤሌክትሪክ ራሱን የሚያሞቅ ጎማ ትገዢያለሽ፣ ውድ ነው ግን እስከ ማርች ከሆነ እኔ እገዛለሁ፣ የፓርኩ ቧንቧ ራሱንም በፎም መጠቅለል እንዳትረሺ፣ ጎማው ሞቆ ቧንቧው ቢረጋ ምን ዋጋ አለው። ወይ ደግሞ በየሦስት አራት ቀኑ ቀን ላይ የንጹህ ውሃ ታንክሽን ሞልተሽ ጎማውን ነቅለሽ አፍስሰሽ ታስገቢያለሽ፣ ከዛ በፓምፕ ትኖሪያለሽ። ታንክሽ ስር የማሞቂያ ምንጣፍ ካለ (ማብሪያው ላይ ታንክ ሂተር ይላል) አብሪው፣ አብዛኛዎቹ 45 ፋራናይት ላይ ራሳቸው ይነሳሉ 68 ላይ ያቆማሉ፣ ባዶ ታንክ ላይ ብቻ አይብሩ።

የፍሳሹ ጎማ ድንጋይ የሆነው የእጣቢውን ታንክ መዝጊያ ክፍት አድርገሽ ስለተውሽው ነው ብዬ እገምታለሁ። ቤት ውስጥ ቧንቧ እንዳይረጋ ጠብ ጠብ ይበል ይባላል አይደል? ሞተርሆም ላይ ያ ምክር ጠላትሽ ነው። በቀጭኑ የሚሄድ ውሃ ጎማው ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየረጋ በረዶ ይሰራል። ሁለቱንም መዝጊያ ዝጊ፣ ሊሞላ ሲል ባንድ ጊዜ ልቀቂው፣ ብዙ ውሃ በኃይል ሲወርድ ለመርጋት ጊዜ የለውም፣ ከዛ ጎማውን አንስተሽ አፍስሰሽ አስቀምጪ።

ከቻልሽ የመኪናዋን ዙሪያ ከታች እስከ መሬት ድረስ በፎም ቦርድ ሸፍኚ፣ ነፋሱን ብቻ ብታስቀሪው ለውጡን በሁለት ቀን ታዪዋለሽ። የፈርነሱ ጭስ መውጫ ግን አይሸፈን፣ በረዶ ሲጥልም ጠዋት ወጥተሽ ጥረጊው።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን በኋላ ትንሽ ሞተርሆም ገዝተን በዳላስ ዙሪያ እየተንሸራሸርን ነው። እኛ ጋ እኮ ዊንተር የሚባል ይሄን ያህል የለም። ይሄ ሁሉ አንቲፍሪዝ ምናምን ያስፈልገናል?» — ከዳላስ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ለርስዎም ለእትዬም ይድረስ። ዊንተር የለም አይባልም፣ ሲመጣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። ፌብሩዋሪ 2021 የሆነውን ያስታውሳሉ፣ ዳላስ −2 ፋራናይት ወርዶ፣ ማለትም −19 ሴልሽየስ፣ መብራት ጠፍቶ የስንቱ ሰው ቤት ጣሪያ በቧንቧ ፍንዳታ ወረደ። ኮሎራዶ ያለ ሰው ኦክቶበር ላይ ዘግቶ ይገላገላል፣ እናንተ ግን ዊንተሩን ሙሉ ስለምትነዷት ነው ለብርዱ የምትጋለጡት።

ለርስዎ የሚመቸው እንዲህ ነው። ሁለት ጋሎን ሮዝ አንቲፍሪዝ ሁሌም ቤት ይኑር፣ ትንበያውን ይከታተሉ። ሌሊት 30 ፋራናይት ደርሶ ጠዋት የሚመለስ ከሆነ ፈርነሱን ማብራትና የቁም ሳጥኖቹን በር መክፈት ይበቃል። 20ዎቹ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ግን አይከራከሩት። ቦይለሩን ማታውኑ አጥፍተው ሲቀዘቅዝ ያፍስሱት፣ የንጹህ ውሃ ታንኩንና ከስር ያሉትን ማፍሰሻዎች ከፍተው ቧንቧዎቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰኮንድ ያብሩት በውስጡ ያለውን ይተፋል፣ ሽንት ቤቱን ረግጠው ይልቀቁት፣ ሲፎኖቹ ውስጥ ሮዙን ያፍስሱ። ቦይለሩ ከቀዘቀዘ 20 ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፕሬሰር ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ይጥሩትና ይንፋልዎት። መብራት ይጠፋ አይጠፋ ያኔ አያሳስብዎትም፣ ውስጧ ውሃ የለማ።

ባትሪውንም አደራ። ተራው የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ከሆነ ብርዱ አይነካውም፣ ካለቀ ግን 20 ፋራናይት አካባቢ ራሱ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል። ሊቲየም ከሆነ ከ32 በታች ቻርጅ አይደረግም።

ጥያቄ፦ «ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ባለፈው ዓርብ ፊያት ዱካቶ ላይ የተሰራ ሞተርሆሜን ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ስነሳ መሬቱ ረጥቧል፣ ቦይለሩ ባዶ ነው። ተሰንጥቆ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጋራዥ ለመውሰድ ቀጠሮ ይዣለሁ።» — ከጀርመን

መልስ፦ ቀጠሮውን ትንሽ አቆየው። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ነበር አይደል? የአውሮፓ ሞተርሆሞች ብዙዎቹ የትሩማ ማሞቂያ ነው ያላቸው፣ እሱ ደግሞ ፍሮስት ኮንትሮል የምትባል ትንሽ ቫልቭ አለችው፣ አካባቢዋ ወደ 3 ዲግሪ ሴልሽየስ ሲወርድ መብራት ሳትፈልግ ራሷ ተከፍታ ቦይለሩን ታፈሰዋለች። እኛ አሜሪካ ያለነው በቡሎን መፍቻ የምንሰራውን ላንተ እሷ ሰርታልሃለች። መልሰህ ልትዘጋት ስትሞክር እምቢ ካለችህ ተበላሸች አትበል፣ እሷ ያለችበት ቦታ ከ7 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አትዘጋም። መኪናውን መጀመሪያ አሙቅ፣ ከዛ ቁልፏን ጫን፣ ከዛ ውሃ ሙላ። ከሞቀ በኋላም ተዘግታ እየፈሰሰ ከሆነ ያኔ ጋራዥ ሂድ። ግን ልብ በል፣ እሷ የምታድነው ቦይለሩን ነው፣ ሲንኩና ሻወሩ ውስጥ የቀረውን አታውቀውም፣ መክፈቻዎቹን መሀል ላይ አድርገህ ከፍተህ ተዋቸው፣ የሻወሩን ጎማ ደግሞ ወደታች አውርደው።

ጥያቄ፦ «ዘግይቻለሁ፣ አሁን ረግቷል። ምን ላድርግ?» — ከሚኒያፖሊስ (ይሄ ብቻ ነው የተጻፈው)

መልስ፦ መጀመሪያ ፓምፑን አጥፋ፣ ከውጪ የተሰካ ውሃ ካለ ዝጋ፣ ምክንያቱም ስንጥቁን አሁን በረዶው ራሱ ነው የደፈነው፣ ሲቀልጥ ነው የሚፈስሰው። ቧንቧዎቹን ክፈትና ፈርነሱን አብራ፣ የቁም ሳጥኑን በር ክፈት፣ የረጋው ቦታ ከታወቀ በፀጉር ማድረቂያ ከቧንቧው አፍ ጀምረህ ወደኋላ እየሄድክ አሙቅ፣ የቀለጠው የሚወጣበት እንዲያገኝ። የእሳት ችቦ፣ ላምባ፣ የፈላ ውሃ የለም፣ ፕላስቲክ ነው ዙሪያህ ያለው። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አትቸኩል።

ሲቀልጥ ሁሉንም ቧንቧ ዝጋና ፓምፑን አብራ። ግፊቱ ሲሞላ ራሱ ዝም ይላል። ከዛ መብራት ይዘህ ሽንት ቤቱ ኋላ፣ ፓምፑ ጋር፣ የውጪ ሻወሯ ጋር (አለችህ፣ ፈልጋት) እየሄድክ በእጅህ ዳስስ፣ ሩብ ሰዓት ያህልም ጆሮህን ጣል። አንድም ቧንቧ ሳትከፍት ፓምፑ ድንገት ጥጥጥ ብሎ ተነስቶ ከቆመ የሆነ ቦታ እያንጠባጠበ ነው።